ሳተላይቱ አያውቅዎትም፣ ሰርቨርዎ ግን ያውቅዎታል፡ የጂፒኤስ መረጃን ከኮንቴይነር ስለማጋራት

ጂፒኤስ በተሽከርካሪ ላይ ከተገጠመ በኋላ በድርጅቶች ውስጥ አዘውትሮ የሚነሳው ጥያቄ «ይሠራል ወይ?» የሚለው ነው፡፡ መኪናው ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲደርስ ካርታው ላይ ሞጆ ከታየ ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ሥራው ይመለሳል፡፡ ዋናው ጥያቄ ግን ሳይነሳ ይቀራል፡፡ ይኸውም «ከእኛ ሌላ ማን እያየው ነው?» የሚለው ነው፡፡

ይህ ጥያቄ የሚቀረው ባለቤት ስለሌለው ነው፡፡ የሕግ ክፍሉ የኮምፒዩተር ባለሙያው ጉዳይ ነው ይላል፡፡ ባለሙያው ደግሞ የእርሱ ሥራ መረጃው እንዲደርስ ማድረግ እንጂ ለማን ይድረስ የሚለውን መወሰን አለመሆኑን ይናገራል፡፡ ሁለቱም በከፊል እውነት አላቸው፡፡ በመካከሉ ግን የሾፌሩ፣ የጭነቱና የደንበኛው ነገር ሜዳ ላይ ይወድቃል፡፡ በአገራችን በመንገድ ላይ የሾፌሮች እገታ በተደጋጋሚ በተዘገበባቸው ዓመታት፣ አንድ የጭነት መኪና ሌሊት የት እንደቆመ ለማይገባው ሰው ማሳወቅ እንደ ቀላል የቴክኒክ ግድፈት የሚታይ አይደለም፡፡ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ነውና መረጃው ከመሣሪያው ተነስቶ በኮንቴይነር ውስጥ አልፎ ሌላ እጅ እስኪገባ ያለውን ጉዞ፣ ቀጥሎም ሕጉ የሚለውን በቅደም ተከተል እንመልከት፡፡

ጂፒኤስ የሚሰጠው ምንድን ነው?

ጂፒኤስ የአሜሪካ መንግሥት ንብረት ሲሆን የሚያንቀሳቅሰውም የጦር ኃይሉ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1983 የኮሪያ አየር መንገድ በረራ 007 ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ሶቪየት ኅብረት የአየር ክልል በመግባቱ ተመትቶ ሲወድቅ 269 ሰዎች አለቁ፡፡ ከዚህ በኋላ ነበር ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ሥርዓቱ ሲጠናቀቅ ለሲቪሎችም በነፃ እንደሚሰጥ ያስታወቁት፡፡ ጂፒኤስ በ1995 ሙሉ አገልግሎት መስጠት ጀመረ፡፡ በሜይ 2000 ደግሞ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የሲቪሎቹን ምልክት ሆን ብሎ የማዛባቱን አሠራር አስቆሙ፡፡ ዛሬ በእጅ ስልክ ላይ የምናየው ትክክለኛነት የተገኘው ከዚያ ወዲህ ነው፡፡

ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ይዞራሉ፡፡ ሥርዓቱ እንዲሠራ ቢያንስ 24 ያስፈልጋሉ፡፡ በመኪናው ላይ ያለው ተቀባይ መሣሪያ ከአራት ሳተላይቶች የሚመጣውን የሰዓት ምልክት አነፃፅሮ ቦታውንና ሰዓቱን ራሱ ያሰላል፡፡ እዚህ ላይ አንድ በሰፊው የተለመደ የተሳሳተ ግንዛቤ መታረም አለበት፡፡ ሳተላይቱ መኪናዎን አያይም፣ አያውቅም፣ አይመዘግብም፡፡ እርሱ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ይናገራል፤ መሣሪያው ያዳምጣል፡፡ ስለዚህ መኪናው ያለበትን ቦታ ሌላ ሰው ካወቀ፣ ያወቀው ከሰማይ ሳይሆን መረጃው እኛ እጅ ከገባ በኋላ ነው፡፡ ኃላፊነቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው፡፡

መሣሪያው የደረሰበትን ውጤት ኤንኤምኢኤ 0183 በተባለ መስፈርት መሠረት በአጫጭር የጽሑፍ መስመሮች ያወጣል፡፡ በውስጡ ሰዓት፣ ኬንትሮስ፣ ኬክሮስ፣ ፍጥነትና አቅጣጫ ይገኛሉ፡፡ ብዙ መሣሪያዎች ይህንን በየሰከንዱ ስለሚያደርጉ፣ ለሃያ አራት ሰዓት የበራ አንድ መሣሪያ በቀን 86,400 ጊዜ ቦታውን ይናገራል ማለት ነው፡፡

ኮንቴይነር ከወደብ ወደ ኮምፒዩተር

ኮንቴይነር የሚለው ቃል ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ አይደለም፡፡ ከጅቡቲ የሚመጣው የብረት ሳጥን ነው፡፡ የዘመናዊው የኮንቴይነር ጭነት ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1956 አሜሪካዊው ማልኮም ማክሊን «አይዲያል ኤክስ» በተባለች መርከብ 58 ኮንቴይነሮችን ከኒውአርክ ወደ ሂውስተን ሲልክ ነው፡፡ የሐሳቡ ጥቅም ግልጽ ነበር፡፡ ሳጥኑ መጠኑ የታወቀ ስለሆነ ውስጡ ቡና ይሁን ጎማ፣ ክሬኑም መርከቡም መኪናውም አንድ ዓይነት አያያዝ ይይዙታል፡፡

የሶፍትዌሩ ኮንቴይነር ስሙንም ሐሳቡንም የወሰደው ከዚያ ነው፡፡ አንድ ፕሮግራም ለመሥራት የሚያስፈልጉትን ነገሮች ሁሉ ይዞ በአንድ እሽግ ይቀመጣል፤ እሽጉም በየትኛውም ሰርቨር ላይ ተወስዶ ይነሳል፡፡ በ2013 ሰሎሞን ሃይክስ በፓይከን ጉባዔ ላይ ያስተዋወቀው ዶከር ይህንን አሠራር በዓለም ዙሪያ የተለመደ አድርጎታል፡፡ ኮንቴይነሩ የሚሠራው የሊኑክስን መነጠያ ዘዴዎች በመጠቀም ነው፡፡ በውስጡ ያለው ፕሮግራም የራሱ ፋይሎች፣ የራሱ ኔትወርክና የራሱ አድራሻ እንዳለው ሆኖ ይሰማዋል፡፡ ሰርቨሩ ላይ የተሰካውንም መሣሪያ በነባሪው አያይም፡፡

ይህ መነጠል ለደኅንነት መልካም ነው፡፡ ለጂፒኤስ ግን ችግር ይፈጥራል፤ ጂፒኤስ የሚነካ ዕቃ ነውና፡፡ በዩኤስቢ ወይም በሲሪያል ገመድ የተሰካ መሣሪያ ኮንቴይነሩ ውስጥ እንዲታይ ሆን ተብሎ መፈቀድ አለበት፡፡

አንድ መሣሪያ፣ ብዙ ጠያቂ

በሲሪያል ገመድ የሚናገርን መሣሪያ ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ቢያነቡት መረጃውን ይሻማሉ፡፡ አንዱ ግማሹን ሌላው ግማሹን ይወስዳል፡፡ ይህንን ለመፍታት የተሠራው ጂፒኤስዲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው፡፡ ለብዙ ዓመታት ልማቱን የመራው ታዋቂው የክፍት ሶፍትዌር ሰው ኤሪክ ሬይመንድ ነበር፡፡ ጂፒኤስዲ መሣሪያውን ብቻውን ይይዛል፣ ያነበበውን ጄሰን በተባለው ቅርጽ ያዘጋጃል፣ ከዚያም በፖርት ቁጥር 2947 ለሚጠይቀው ፕሮግራም ሁሉ ያድላል፡፡ ካርታ የሚያሳየው፣ የነዳጅ ፍጆታ የሚያሰላውና ሰዓት የሚያስተካክለው ፕሮግራም ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፡፡

ጂፒኤስዲ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ የሚልከውንም አይመሰጥርም፡፡ በነባሪው የሚያዳምጠው እዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ ያለውን፣ 127.0.0.1 የሚባለውን የውስጥ አድራሻ ብቻ ነው፡፡ ጠባቂው ይኸው አንድ አጥር ነው፡፡ አጥሩ ሲፈርስ ሌላ መቆለፊያ የለም፡፡

አጥሩ የሚፈርስባቸው ሦስት ቦታዎች

የመጀመሪያው መሣሪያውን ወደ ኮንቴይነሩ ሲያስገቡ ነው፡፡ በአግባቡ የሚደረገው የተፈለገውን አንድ መሣሪያ ብቻ በስሙ መፍቀድ ነው፡፡ ይሁንና መሣሪያው ተነቅሎ ሲሰካ ስሙ ይለወጣል፤ የነበረው ዜሮ ቁጥር አንድ ሆኖ ይመጣል፤ ኮንቴይነሩም ያጣዋል፡፡ በዚህ የተሰላቸ ባለሙያ «ፕሪቪሌጅድ» የተባለውን ሙሉ ፈቃድ ሰጥቶ ይገላገላል፡፡ ይህ ለአንድ ክፍል ተከራይ የግቢውን ቁልፍ ሁሉ እንደማስረከብ ነው፡፡ ኮንቴይነሩ የሰርቨሩን ዲስክ ጭምር መንካት ይችላል፡፡ መፍትሔው ቀላል ነው፡፡ ሊኑክስ ለእያንዳንዱ መሣሪያ በመለያ ቁጥሩ ላይ የተመሠረተ የማይለወጥ ስም ስለሚሰጥ በዚያ ስም መፍቀድ፣ መሣሪያው ተነቅሎ ከተሰካ ደግሞ ኮንቴይነሩን መልሶ ማስነሳት ነው፡፡

ሁለተኛው ጂፒኤስዲ የሚያዳምጠውን አድራሻ ሲመርጡ ነው፡፡ ኮንቴይነር የራሱ የውስጥ አድራሻ አለው፡፡ በውስጡ ያለው 127.0.0.1 የሰርቨሩ አይደለም፤ የራሱ የኮንቴይነሩ ነው፡፡ ስለዚህ ጂፒኤስዲ በነባሪው ከተተወ ፖርቱ ወደ ውጪ ቢከፈትም ማንም አያገኘው፡፡ ባለሙያው ምክንያቱን ሲያጣራ በሁሉም አድራሻ እንዲያዳምጥ የሚያዘውን ምርጫ ያገኛል፡፡ በኮንቴይነሩ ወሰን ውስጥ ይህ ተገቢ ነው፡፡ ነገር ግን የጂፒኤስዲ ብቸኛ አጥር በዚህች ደቂቃ ተነስቷል፡፡ ከዚህ በኋላ ጥበቃው በሙሉ የሚወድቀው በሦስተኛው ላይ ነው፡፡

ሦስተኛው ፖርቱን ወደ ውጪ ሲከፍቱ ነው፡፡ ዶከር «2947ን ክፈት» ብቻ ከተባለ በሰርቨሩ ላይ ባሉ አድራሻዎች ሁሉ ይከፍተዋል፡፡ ሰርቨሩ በኢንተርኔት የሚደረስበት አድራሻ ካለው በዚያም ጭምር ነው፡፡ «ፋየርዎል አለን» የሚለው መልስም ሁልጊዜ አያስተማምንም፡፡ ዶከር የኔትወርክ ደንቦቹን ራሱ ስለሚጽፍ፣ በኡቡንቱ ሰርቨሮች የተለመደው ዩኤፍደብሊው የተባለው ፋየርዎል ዘግቼዋለሁ ያለውን ፖርት አልፎ ሊከፍት ይችላል፡፡ ይህንን የዶከር የራሱ መመሪያ በግልጽ ያስጠነቅቃል፡፡ በሩ ተዘግቷል ብሎ የሚያምን ሰው ደግሞ በሩ ክፍት መሆኑን ከሚያውቅ ሰው ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠ ነው፡፡

በአግባቡ ማጋራት

መረጃውን የሚፈልገው ፕሮግራም እዚያው ሰርቨር ላይ በሌላ ኮንቴይነር ውስጥ ከሆነ ፖርቱን ጨርሶ ወደ ውጪ መክፈት አያስፈልግም፡፡ ሁለቱን ኮንቴይነሮች በአንድ የውስጥ ኔትወርክ ማገናኘት ይበቃል፡፡ ፈላጊው ሰርቨሩ ላይ ያለ ፕሮግራም ከሆነ ፖርቱ በ127.0.0.1 ላይ ብቻ እንዲከፈት በግልጽ ማዘዝ ይገባል፡፡ ልዩነቱ በአንዲት መስመር ላይ የሚጨመር ጥቂት አኃዝ ነው፡፡

ፈላጊው ሩቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ መረጃው ከመኪናው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚላክ ከሆነ፣ ጂፒኤስዲን በቀጥታ ማጋለጥ ተገቢ አይደለም፡፡ አንደኛው አማራጭ እንደ ዋየርጋርድ ባለ የተመሰጠረ የግል መስመር ማሳለፍ ነው፡፡ ሌላው መረጃውን ኤምኪውቲቲ በተባለው የመልዕክት ሥርዓት፣ በምስጠራና በይለፍ ቃል መላክ ነው፡፡ በዚህኛው ለእያንዳንዱ ተቀባይ የተለየ ፈቃድ መስጠትና ሲያስፈልግም መንሳት ይቻላል፡፡

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ፡፡ ማጋራት ማለት ሁሉንም ማጋራት ማለት አይደለም፡፡ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፡፡ ከነጥብ በኋላ አምስት አኃዝ ያለው ቁጥር መኪናውን በአንድ ሜትር ልዩነት ያሳያል፡፡ ሦስት አኃዝ በ110 ሜትር፣ ሁለት አኃዝ በ1.1 ኪሎ ሜትር ልዩነት ያሳያል፡፡ ስሚንቶው መቼ እንደሚደርስ ማወቅ ለሚፈልግ ደንበኛ ሁለት አኃዝ ከበቂ በላይ ነው፡፡ ሾፌሩ ያደረበትን ቤት በር ማሳየት ለእርሱ አይጠቅመውም፤ ሾፌሩን ግን ይጎዳዋል፡፡

«ስም የለውም» የሚለው ማመካኛ

«የምናጋራው የመኪናውን ቁጥር እንጂ የሰው ስም አይደለም» የሚል መከራከሪያ ይሰማል፡፡ በ2013 «ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ይህንን ውድቅ ያደርገዋል፡፡ ኢቭ-አሌክሳንደር ደ ሞንጆይና ባልደረቦቹ የአንድ ሚሊዮን ተኩል ሰዎችን የ15 ወራት የስልክ መረጃ መርምረው፣ ከ100 ሰዎች 95ቱን ለይቶ ለማውጣት አራት የቦታና የሰዓት ነጥቦች እንደሚበቁ አሳይተዋል፡፡ ነገሩ ሲታሰብም ግልጽ ነው፡፡ ማታ የሚያድርበትና ጠዋት የሚገባበት ቦታ ከታወቀ ስሙን ማግኘት ምን ያህል ይከብዳል?

በጅምላ የተጠቃለለ መረጃም ከዚህ አያመልጥም፡፡ ስትራቫ የተባለው የስፖርት መተግበሪያ ያወጣው የእንቅስቃሴ ካርታ በጃንዋሪ 2018 መነጋገሪያ የሆነው፣ እንደ አፍጋኒስታንና ሶሪያ ባሉ አገሮች የሚገኙ የጦር ሰፈሮችን ወታደሮቹ በሮጡበት መንገድ አጉልቶ በማሳየቱ ነበር፡፡ በካርታው ላይ የአንድም ሰው ስም አልነበረም፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2012 በወሰነው የጆንስ ጉዳይ፣ ፖሊስ የፍርድ ቤት ፈቃዱ ጊዜ ካለፈና ከክልሉ ውጪ ሆኖ በአንድ ተጠርጣሪ መኪና ላይ ጂፒኤስ ገጥሞ ለ28 ቀናት መከታተሉ በሕገ መንግሥቱ ትርጉም ፍተሻ ነው ብሏል፡፡ በ2018 በካርፔንተር ጉዳይ ደግሞ አንድ እርምጃ ሄዷል፡፡ ፖሊስ ከስልክ ኩባንያዎች የወሰደው የ127 ቀናት መረጃ 12,898 የቦታ ነጥቦች ነበሩት፡፡ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ፣ መረጃው በሦስተኛ ወገን እጅ መሆኑ ብቻውን የሰውየውን ጥበቃ አያስቀርም፣ በመርህ ደረጃ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል ሲል ወስኗል፡፡ የአውሮፓ ኅብረት አጠቃላይ የመረጃ ጥበቃ ደንብም ከሜይ 2018 ጀምሮ ተግባራዊ ሲሆን፣ በአንቀጽ 4 ላይ የቦታ መረጃን ሰውን ለይተው ከሚያሳውቁ መረጃዎች መካከል በስም ጠቅሶታል፡፡

ወደ አገራችን ስንመለስ መነሻው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ነው፡፡ የግል ሕይወትን፣ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚደረጉ ግንኙነቶችንም ጭምር ይጠብቃል፡፡ መንግሥት ይህንን መብት ሊገድብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በዝርዝር ሕግ ብቻ ነው፡፡ በግል ድርጅቶች ላይ ዝርዝር ግዴታ የጣለው ግን በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው፡፡ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፡፡ የአዋጁ መርሆዎች መረጃ በሕጋዊ መንገድ እንዲሰበሰብ፣ ለተባለለት ዓላማ ብቻ እንዲውል፣ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሰበሰብ፣ ካስፈለገው ጊዜ በላይ እንዳይቀመጥና ደኅንነቱ እንዲጠበቅ ያዛሉ፡፡

እነዚህን መርሆዎች ከላይ ካየናቸው የቴክኒክ ምርጫዎች ጋር አንባቢ ያስተያያቸው፡፡ «ከሚያስፈልገው በላይ አይሰብሰብ» የሚለው ከነጥብ በኋላ ስንት አኃዝ እንደሚላክ የሚወስን ነው፡፡ «ደኅንነቱ ይጠበቅ» የሚለው ፖርቱ በየትኛው አድራሻ እንደሚከፈት የሚወስን ነው፡፡ የሕግ ክፍሉና ባለሙያው ተለያይተው የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው የምለው ለዚህ ነው፡፡

የተከፈተውን ፖርት አግኝቶ መረጃውን የቀዳውስ ሰው? የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 3 ላይ ሆን ብሎ ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መድረስን ወንጀል አድርጎታል፡፡ በእኔ እምነት በር አለመዘጋቱ ግባ ማለት አይደለም፡፡ ሆኖም የአጥፊው መከሰስ በሩን ክፍት የተወውን ድርጅት ነፃ አያወጣውም፡፡ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2028 መሠረት በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ያደረሰውን ጉዳት ይክሳል፡፡ የይለፍ ቃል የሌለውን አገልግሎት ለዓለም መክፈት ጥንቃቄ ማጉደል አይደለም ብሎ ለመከራከር የሚደፍር ጠበቃ ብዙ የሚገኝ አይመስለኝም፡፡

የሾፌሩ ነገር

የድርጅቱ መኪና የድርጅቱ ንብረት ነው፡፡ ሾፌሩ ግን አይደለም፡፡ ከሥራ ሰዓት በኋላ መኪናው ቤቱ በር ላይ ሲያድር የሚመዘገበው የሰውየው ሕይወት ነው፡፡ የት እንደሚጸልይ፣ የትኛው ሐኪም ቤት እንደሚሄድ፣ ማንን እንደሚጠይቅ ሁሉ ከመስመሩ ይነበባል፡፡ የፈረንሳዩ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ክኒል ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጪ መከታተያውን ማጥፋት እንዲችል፣ መረጃውም በመርህ ደረጃ ከሁለት ወር በላይ እንዳይቀመጥ ይጠይቃል፡፡ ይህ እኛን አያስገድደንም፤ ጥሩ መለኪያ ግን ነው፡፡ በቅጥር ውል ላይ የሠፈረች አንዲት «ተስማምቻለሁ» የምትል መስመርም ሥራ ፈላጊውን እምቢ የማለት ዕድል አትሰጠውም፡፡ ስለዚህ ድርጅቱ በፈቃዱ ላይ ብቻ ከመደገፍ ይልቅ ዓላማውን በጽሑፍ አስቀምጦ ለሾፌሩ ቢያስረዳ ይሻለዋል፡፡

መረጃው ማስረጃ ሲሆን

የጂፒኤስ መዝገብ ለአደጋ፣ ለስርቆትና ለሥራ ክርክር ማስረጃ ሆኖ መቅረቡ አይቀርም፡፡ እዚህ ላይ ኮንቴይነር የራሱ ወጥመድ አለው፡፡ እሽጉ ከተዘጋጀበት ቀን ጀምሮ በውስጡ ያለው ፕሮግራም ባለበት ይቆያል፡፡ ማንም ካላደሰው በራሱ አይታደስም፡፡ የጂፒኤስዲ 3.20፣ 3.21 እና 3.22 ዕትሞች ኦክቶበር 24 ቀን 2021 ሲደርስ ቀኑን 1,024 ሳምንታት ወደ ኋላ መልሰው ማርች 2002 የሚያደርግ ግድፈት ነበረባቸው፡፡ የተስተካከለው በ3.23 ነው፡፡ ሰዓቱን ከዚያ የሚወስድ ያልታደሰ ኮንቴይነር አደጋው የደረሰው መኪናው ከመገዛቱ በፊት ነው የሚል መዝገብ ሊያወጣ ይችላል፡፡ እንዲህ ያለውን መዝገብ ተከራካሪው ወገን በደቂቃ ውስጥ ያፈርሰዋል፡፡ በመሆኑም የትኛው ዕትም፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በማን ኃላፊነት እንደሚሠራ መዝግቦ መያዝ የቴክኒክ ብቻ ሳይሆን የማስረጃ ሥራ ነው፡፡

ምን ይጠየቅ?

የድርጅት ኃላፊ ኮምፒዩተር ባያውቅም ለባለሙያው የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች አሉ፡፡ ፖርት 2947 በየትኛው አድራሻ ላይ ተከፍቷል? ከመሥሪያ ቤቱ ውጪ ሆኖ ለመግባት ተሞክሯል? ኮንቴይነሩ አንድ መሣሪያ ብቻ ነው የሚያየው ወይስ ሰርቨሩን በሙሉ? ለውጪ ሰው የሚሄደው ስንት አኃዝ ነው? መዝገቡ የሚጠፋው መቼ ነው? ከሥራ ሰዓት ውጪስ መመዝገቡ ይቆማል? ለሕግ ክፍሉ ደግሞ አንድ ይበቃል፡፡ መረጃውን የሚቀበለው ወገን ለሌላ እንዳያስተላልፍ የሚያስገድድ ውል አለ?

እነዚህን ለማጣራት ግማሽ ቀን የሚበቃ ይመስለኛል፡፡ ፖርቱን ለማስተካከል ደግሞ አንዲት መስመር ማረም በቂ ነው፡፡ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፡፡ ሾፌሩ ሌሊት መንገድ ዳር መኪናውን አቁሞ ሲተኛ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ሊያውቅ የሚገባው ሰው ብቻ መሆኑን ማረጋገጥ የቀጣሪው ግዴታ ነው፡፡